ዛልትስካርቶፈልና የእማዬ ጆሮ

ወደ ጀርመን ልሄድ ከሰቆጣ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ ምሽት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። ጎረቤቱ፣ ከአምደወርቅ ድረስ የመጡት የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ ከዝቋላ ፍየል ይዘው ለገበያ የወጡት ዘመዶቻችን፣ ሁሉም ምክር ይዘው መጥተዋል። አንዱ የጀርመን ብርድ ጆሮ ይቆርጣል ይላል። ሌላዋ ቶሎ ባል እንዳላገባ ታስጠነቅቃለች። የአክስቴ ባል ደግሞ «ጀርመኖች ሰዓት ይወዳሉ አሉ፣ እንደደረስሽ መጀመሪያ ጥሩ ሰዓት ግዢ» እያለ ነገሩን ደጋገመው። እናቴ ደግሞ ትነሳለች፣ ታስተናግዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ወደ እኔ ግን አታይም። ኋላ ሰዉ ሳሳ ሲል መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣

«ስሚ ትርንጎ፣ ብር ላኪልኝ አልልሽም። ልብስም አልፈልግ። እሁድ እሁድ ድምፅሽን አሰሚኝ። እሱን ካሰማሽኝ ሌላው የራስሽ ጉዳይ ነው» አለችኝ።

«ይሄማ ምን ችግር አለው!» አልኳት። አቤት ሞኝነት! ከሁሉ ነገር ይሄ ይከብዳል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ድምፅ እኮ ነው። ድምፅ ደግሞ በቤታችን ሞልቶ የተረፈ ነገር ነው።

እናቴን ለማታውቋት፣ ወይዘሮ እታገኝ የፍየል ነጋዴ ናት። ዋጋ ስትከራከር ከገበያው ዳር እስከ ዳር ትሰማለች። ተወልዳ ያደገችው ዝቋላ ነው። እዚያ ጎረቤትን ለማነጋገር አንዱን ገደል ወርዶ ሌላውን ከመውጣት ቆሞ መጣራት ይቀላል። ሴቶቹ ሲጣሩ ድምፃቸውን ያቀጥኑታል፣ ወደ ላይ ይስቡታል፣ እሱ ነው ገደል የሚሻገረው። እኔም እሱን ከእሷ ወርሻለሁ። አምደወርቅ ሳስተምር ርዕሰ መምህሩ ደወሉ ሲበላሽ እኔን ነበር ግቢው መሃል የሚያቆመኝ። «ትርንጎ ካለች ደወሉ ቢበላሽስ ምን ቸገረን!» ይል ነበር።

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ተነሳሁ። አዲስ አበባ ጀርመንኛ እየተማርኩ ከረምኩ። አልዋሻችሁም፣ ቋንቋው ሲባል እንደሚያስፈራው አይደለም። ያቺ ጉሮሮ ውስጥ የምትፋቀው «ኽ» የአዲስ አበባ ልጆችን ስታንቃቸው፣ የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣናን እየተናገረ ላደገ ሰው የቤት ልጅ ናት። መምህሩ «ከየት ነው የመጣሽው?» ሲለኝ «ከሰቆጣ» አልኩት። «እዚያ ጀርመንኛ ይነገራል እንዴ?» አለ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ቪዛው መጣ፣ አዛውንት በሚጦሩበት ቤት እየሠራሁ ሙያውን ልማር ብሬመን የሚባል ከተማ ገባሁ።

እንግዲህ ስለ ብሬመን ምን ልበላችሁ? ዝናብ አለ። የእኛ አገር ሰው ዝናብ አለ ሲባል ደስ ይለዋል፣ እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ይሄኛው ከላይ አይወርድም፣ በጎን ነው የሚመጣው። ጥላ ብትይዙለት ከሥር ይገባል። ለማንም የማይጠቅመውን ይሄን ሁሉ ውኃ ወደ ዝቋላ ማሽላ ማዞር ቢቻል እያልኩ ስንት ጊዜ መስኮት ላይ ቆሜ ተበሳጭቻለሁ! ምግቡ ደግሞ ድንች ነው። በጨው የተቀቀለ ድንች፣ «ዛልትስካርቶፈል» ይሉታል። በመጦሪያ ቤቱ ዓሣ ሲኖር ከድንች ጋር፣ ሥጋ ሲኖር ከድንች ጋር፣ ምንም ሳይኖር ድንቹ ብቻውን። ማታ ደግሞ «አቤንድብሮት» የሚባል ነገር አለ፣ ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ አይብ። እሳት ሳይነካው የሚበላ እራት! መጀመሪያ ሰሞን ጋዝ አልቆባቸው መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ጸጥታው ነው። ትራም ውስጥ ስገባ ሰዉ ሁሉ ከለቅሶ ቤት የሚመለስ ይመስላል። አንድ ቀን እንደ አገሬ ልማድ ደህና አደራችሁ ለማለት «ጉተን ሞርገን!» ብዬ ገባሁ፣ አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ሩኸ» ይሉታል ጸጥታን። እሁድ ሲሆን ደግሞ ሩኸው ታቦት ነው። እሁድ ግድግዳ መሰርሰር የለም፣ እሁድ ባዶ ጠርሙስ መጣያው ውስጥ መወርወር የለም፣ ምክንያቱም ጠርሙስ ይንኳኳል።

እኔ ደግሞ ለእናቴ የምደውለው እሁድ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ደህና ነበርን። ከዚያ እናቴ «ምን አልሽ?» ማብዛት ጀመረች። «ኔትወርኩ ነው» ትላለች። እውነት ነው፣ የሰቆጣን ኔትወርክ ማን ያጣዋል? እንደፈለገ ሲመጣ፣ እንደፈለገ ሲሄድ የኖረ ነገር ነው፣ ለወራት ጨርሶ ጠፍቶብንም ያውቃል። እኔም ኔትወርክ ሲደክም ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ፣ ጮህኩ። እሷ «አይሰማም» ስትል እኔ ድምፄን ሳብ፣ ደግሞ ሳብ፣ መጨረሻ ላይ ዝቋላ ገደል አፋፍ ላይ የቆምኩ ያህል ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ጸጥታ እንደ ብርጭቆ ሲሰበር ይሰማኛል፣ ግን ምን ላድርግ?

አከራዬ ሄር ብሩንስ፣ አቶ ብሩንስ እንደማለት ነው፣ ከታች ነው የሚኖሩት። ንጹሕ ሽማግሌ ናቸው፣ ጫማቸውን እንኳ ደረጃ ላይ በቀስታ ነው የሚያኖሩት። አንድ እሁድ በሩን አንኳኩ። ማንኳኳታቸው ራሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነው።

«የሚጣላሽ ሰው አለ ወይ? ፖሊስ ልጥራ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም፣ እናቴን ሰላም እያልኩ ነው።»

«ሰላም? ግማሽ ሰዓት ሙሉ?»

«ሰላምታው ገና አላለቀም ሄር ብሩንስ። ገና ፍየሎቹ ጋ ነኝ።»

አላመኑኝም። «ለምን ዝቅ ብለሽ አታወሪም?»

«ዝቅ ካልኩ አይሰማትማ። ሩቅ ናት።»

«ስልክ እኮ» አሉ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጡ፣ «የተሠራው ለዚሁ ነው።»

በሌላው እሁድ ተመልሰው መጡ። ከዚያ በኋላ «ይሄ ነገር ካልቆመ ቮኑንጉን ትለቂያለሽ» አሉኝ። ቮኑንግ ማለት ቤት ነው። ብሬመን ላይ ቤት ፈልጋችሁ የምታውቁ ይሄ ዛቻ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ላልፈለጋችሁ ደግሞ አይድረስባችሁ።

ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሞከርኩ። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ ሞከርኩ። ከወንዙ ዳር ሄጄ ስሞክር አንድ ውሻ አብሮኝ ጮኸ። እናቴ ደግሞ እየቆየች ስልኩን መሸሽ አመጣች። ስደውል ወንድሜ ጌትነት ያነሳል፣ «እማዬ ጎረቤት ሄዳለች» ይላል። በሚቀጥለው እሁድ «ተኝታለች»። በሚቀጥለው «ገበያ ነች»። እሁድ ምን ገበያ አለ? ተቆጣሁና «ተቀይማኝ ከሆነ ንገረኝ!» አልኩት።

«ትርንጎ፣ ኔትወርኩ አይደለም» አለኝ። «ጆሮዋ ነው። ገበያ መሄድ ከተወች ቆየች። ሰው በአንድ ነገር ይጠይቃታል፣ እሷ በሌላ ትመልሳለች፣ ይስቁባታል። አንቺ ስትደውዪ ደግሞ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታደርግና እንደሰማ ሰው ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ስታለቅስ ትውላለች።»

በነጋታው ሥራ ላይ እንዴት እንደዋልኩ አላውቅም። ሐኪም እንውሰዳት ብል «ጆሮዬ ምን ሆነ?» ብላ በጌትነት ላይ ጮኸችበት። የጆሮ ሐኪም ያለው ደግሞ ሩቅ ነው፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። መስሚያ መሣሪያ ገዝቼ ልላክ ብዬ ብጠይቅ ጆሮው ሳይለካ አይሆንም አሉኝ። እኔ ቀላል ነው ብዬ ቃል የገባሁላት ነገር አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም አቃተኝ።

መጦሪያ ቤቱ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ሰው አይሰማኝም ብዬ በእረፍቴ እዚያ ገብቼ ለጌትነት እደውልና «ጆሮዋ ላይ አስጠጋላት!» እያልኩ እጮህ ነበር። አንድ ቀን ዘወር ስል ባልደረባዬ ዚልከ አንሶላ ታቅፋ በር ላይ ቆማለች።

ዚልከ ማለት ከጸጥተኞቹ ሁሉ ጸጥተኛ ናት። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ለአዛውንቶቹ ሾርባ በማንኪያ ስታጎርስ አጠገቧ ያለ ሰው ቃሏን አይሰማም። ሄዳ ለአለቃ ልትነግርብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሷ ግን ፈገግ ብላ «ምን ዓይነት ሳንባ ነው ያለሽ!» አለችኝ። «ቅዳሜ ከሰዓት የሙዚቃ ባንዳችን ይጫወታል። ነይ።»

ዚልከና ባንድ! በሐሳቤ ቫዮሊን ሰጠኋት። ኮንሰርት ነው ብዬ የሀበሻ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጥለት ያለውን ነጠላዬን ደረብኩ፣ ጸጉሬን ሹሩባ ተሠራሁ። አድራሻው ላይ ስደርስ በድሮ ጦርነት ከቦምብ ለመሸሸግ የተሠራ መስኮት የለሽ ግንብ ነው፣ ግድግዳው የአንድ ሰው ቁመት ያህል ይወፍራል። ውስጡ ጥቁር የለበሰ ሰው ሞልቶታል። አንዱ አፍንጫው ላይ ቀለበት፣ አንዱ አንገቱ ድረስ ንቅሳት። እኔ መሃላቸው ነጭ ለብሼ ጥምቀት የወጣሁ መስያለሁ። ነውር የለባቸውም፣ ሁሉም በትሕትና መንገድ ለቀቁልኝ።

የባንዱ ስም ዛልትስካርቶፈል ነው። እውነቴን ነው! ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ዕድሜ ልካችንን ስንበላው የኖርነው እሱ ነው፣ ማንም አያስታውሰውም» አለች ዚልከ። ከበሮውን የሚመታው ማርተን ዳቦ ጋጋሪ ነው። ጊታሩን የያዘው ሆልገር ቦርጫም ሽማግሌ ሲሆን የትራም ሾፌር ነው። ዘፋኟ፣ በሉ ተቀመጡ፣ ዚልከ ናት።

ማርተን በትሮቹን አጋጭቶ ቆጠረ። ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? ሰቆጣ የናፍጣ ወፍጮ ሲነሳ አጠገቡ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ያ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር የሚንቀጠቀጠው? እሱን ውሰዱና ፍጥነቱን እጥፍ አድርጉት። ጊታሩ ዜማ አይጫወትም፣ ይገዘግዛል። ከበሮው እየተመታ ሳይሆን ደረጃ ላይ እየተንከባለለ የሚወርድ ይመስላል፣ ግን አንድም ምት አይስትም። በዚያ ሁሉ ላይ ያቺ ሾርባ አጉራሿ ዚልከ አፏን ከፈተች። ከዚያች ቀጭን ሴት ውስጥ የወጣው ድምፅ የበሬ ነው። እኔ እኮ በልቤ «ይቺን ልጅ ጠበል ሳልወስዳት የኖርኩት እንዴት ነው» አልኩ።

ይሄ ሳያንስ መሃል ያሉት ሰዎች መጋፋት ጀመሩ። መጋፋት ብቻ አይደለም፣ በትከሻ መማታት፣ በክርን መደባደብ! አንዱ ዘሎ ሌላው ላይ ወደቀ፣ መሬት ደረሰ። እንግዲህ እኛ ጋ ወንዶች ሲደባደቡ ሴት የተባለች ሴት ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። አላሰብኩም። ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ መሃላቸው ጣልኩና እጄን ዘርግቼ፣

«በመድኃኔዓለም! በእመቤቴ! ተዉ! ነጠላዬን ረግጣችሁ እንዳትማቱ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ።

ያ ገደል ተሻጋሪ ጩኸት ከጊታሩም ከከበሮውም በላይ ወጣ። ማርተን በትሩን እንዳነሳ ቀረ። ሁሉም ቆመ። አንድም ሰው ነጠላዬን አልረገጠም፣ ዙሪያዋን ክብ ሠርተው ቆመው ያይዋታል። ዚልከ ከመድረኩ «ትርንጎ፣ ምን ሆንሽ?» አለች።

«እያጋደላችኋቸው ነው!» አልኩ። «እኔ ደግሞ ገላግያለሁ። በሉ ታረቁ።»

ነገሩን ሳስረዳ ግንቡ በሳቅ ሊፈርስ! እኔን ያሳፈረኝ መሳቃቸው አይደለም፣ ደግነታቸው ነው። አንገቱ ድረስ የተነቀሰው ጎልማሳ ነጠላዬን አነሳ፣ አራገፈ፣ ጥለቱን ከጥለቱ ገጥሞ አጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝና «ጭፈራችን እኮ ነው» አለኝ። «እስቲ ደግመሽ እዪ። ሰው ሲወድቅ ተመልከቺ።»

ደግመው ጀመሩ፣ አየሁ። አንዱ ወደቀ። ገና መሬት ሳይነካ እጅ ከዚህም ከዚያም መጥቶ አነሳው፣ መነጽሩን አንዱ ይዞ ቆየለት፣ ከዚያ ተመልሶ ገባ። የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው እኮ! በትራሙ ውስጥ ጉልበታቸው እንዳይነካካ የሚጠነቀቁ ሰዎች እዚህ ላብ በላብ ተቃቅፈዋል። ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፣ እናቴን ሰላም ብዬ ጎረቤቶቿ ጋ ሳልደርስ አንዱ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ነው የሚቆሙት። በዚያች ቅጽበት ያለው ዝምታ የሄር ብሩንስ ዝምታ አይደለም። ሥራ ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ዝምታ ነው። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም ነበር።

ኋላ ውጪ ተቀምጠን ዚልከን ጠየቅኋት። «ምንድነው የምትዪው? አንድ ቃል አልገባኝም።»

«አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ነው፣ አንዱ ስለ አለቃችን፣ አንዱ ስለ አያቴ ሞት» አለች ተመልሳ በዚያች ትንሽ ድምፅዋ። «ቀኑን ሙሉ ለሁሉም ሰው ዝቅ ብዬ እናገራለሁ። ባልጮህ የምታመም ይመስለኛል።»

ይሄ ለእኔ ማስረጃ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። የእናቴን ነገር ነገርኳት። ጎንበስ ብላ ሰማችኝና «ግን እኮ የምትጮኺው ቀጭን ነው» አለች። «የአዛውንት ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የምንጦራት አሮጊቷ ፍራው ማየር እኔን የምትሰማኝ፣ አንቺን ግን የማትሰማሽ ለምን ይመስልሻል? ስለምጮህ ነው? አይደለም፣ ወፈር አድርጌ ስለማወራት ነው። ድምፅሽን ወደ ላይ ስትስቢው ከእሷ እያራቅሽው ነው።»

እናንተዬ፣ ያን ሁሉ እሁድ፣ ያ ሁሉ የአከራይ ግልምጫ፣ እኔ በጮህኩ ቁጥር ስጠፋባት ነበር ለካ!

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ግንቡ ውስጥ ልምምድ ሲያደርጉ አብሬ እገባለሁ። ዚልከ የራሷን ድምፅ ታስተምረኛለች። ጉሮሮን ሳይሆን ሆድን መጠቀም፣ ትከሻን መልቀቅ፣ ትንፋሹን ከሥር ገፍቶ ማውጣት። መጀመሪያ ያወጣሁትን ድምፅ ሆልገር «የታመመ ዳክዬ» አለው። ስቆ ሳይጨርስ ሌላ ሞከርኩ። እያደር ወፈረ። አንድ ቀን አንድ ነገር ከሆዴ ተነስቶ መጣና ማርተን መምታቱን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ከየት መጣ?» አለ። «ከፃግብጂ» አልኩት ለቀልድ፣ የአባቴ አገር ነው። አባቴ ዝምተኛ ገበሬ ነበር፣ እንዲህ ሲጮህ ማንም አልሰማውም። ማርተን ቦታውን በስልኩ ሊፈልገው ሞከረ።

ጌትነትን አማከርኩት። የስልኩ ድምፅ ትንሽ ነው፣ እሱ ግን ባጃጁ ላይ ከወንበሩ ኋላ የገጠመው ትልቅ ስፒከር አለው፣ ስልኩን ከእሱ ጋር ያገናኘዋል። እናቴን «ዞር ዞር እናርግሽ» ብሎ ባጃጁ ላይ አወጣት፣ ከከተማው ወጣ አለና ዳገቱ ላይ አቆመ። እኔ በዚህ በኩል ግንቡ ውስጥ ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ። የሚጫወቱት ሰዎች ደግሞ ከእኔ በላይ ጓጉተው እናትሽን ሰላም ሳንል አናስወራሽም አሉ። ማርተን ቆጠረ፣ ከአጫጭሮቹ አንዱን ለቀቁት።

ዘፈኑ አበቃ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ይሄ ወፍጮ ነው እንዴ? ማነው ያለ እህል የሚያስነሳው? ድንጋዩን ሊበላው ነው!»

ሰምታለች! ሆልገር አንድም ቃል ሳይገባው እንባውን ጠረገ። እኔ ትከሻዬን ለቀቅሁ፣ ከሆዴ ገፋሁ፣ በዚያ በሬ ድምፅ በኽምጣናችን፣

«እማዬ! ትርንጎ! ይሰማሻል?» አልኩ።

«ይሰማኛል፣ ይሰማኛል፣ ምን ያስጮህሃል?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። «ትርንጎ ነው ያልከው? ማነህ አንተ? ምን ሆነች? ልጄ ምን ሆነች?»

ከሩቅ አገር የማይታወቅ ወንድ ደውሎ የልጅን ስም ሲጠራ እኛ ጋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መርዶ ነው። ድንጋጤዋን ስሰማ ሌላ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም።

«ደህና ናት! ደህና ናት! ምንም አልሆነችም!» አልኩ በዚያው ድምፅ።

ከኋላ ጌትነት «እማዬ፣ እሷው ናት እኮ!» ሲላት ይሰማኛል። «አንተ ዝም በል፣ ሰውዬው እያናገረኝ ነው» አለችው። «እሺ ልጄ፣ አብራችሁ ነው የምትሠሩት?»

«አዎ… አብረን ነው።»

«ትበላለች?»

«በደንብ ትበላለች።»

«አትዋሽ። ድሮም አትበላም።» ሳቀች። ስንት ወር ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ከዚያ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሥራው፣ ሰዎቹ ክፉዎች እንደሆኑ። ሁሉንም መለስኩላት፣ አንድም ጊዜ «ምን አልክ?» አላለችኝም። የእኔ ድምፅ ግን ጫፉ ላይ መቅጠን ጀመረ፣ ዚልከ በእጇ ሆዴን ነካ አድርጋ «ከሥር» አለችኝ።

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምስጢር ልንገርህ። ስትደውልልኝ ኔትወርክ ነው እያልኩ የምዋሻት እኔ ነኝ። ጆሮዬ ነው። የማንም ድምፅ ቢቀር የእሷ መቅረቱ ነው የቆጨኝ። እንዳትነግራት፣ አደራ፣ ትጨነቃለች።»

«አልነግራትም» አልኩ።

«ተባረክ። ጥሩ ሰው ትመስላለህ።» ደግሞ ቀጠለች። «አጠገብህ ካለች እስቲ ስጣት። ባልሰማትም ታውራ።»

ስልኩን ከቀኝ ጆሮዬ ወደ ግራው አዛወርኩና በራሴ ድምፅ «እማዬ» አልኳት።